ልጃችንን ልናርስ በሰኔ ወደ በረሃ አገር ስንሄድ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ለገሃር አካባቢ ትንሽ የባልትና ሱቅ አለችኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ የገንፎ ዱቄት፣ የአጥሚት እህል አዘጋጃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ አንድ ዓይነት ደንበኛ ይበዛብኛል። ዕድሜያቸው ከእኔ ጋር የሚቀራረብ እናቶች ናቸው። ልጃቸው ዱባይ ወይ ሪያድ ወይ ኩዌት ናት። ልትወልድ ነው፣ እነሱም ሊያርሷት ይሄዳሉ። አጥሚቱን፣ አብሹን፣ ኮረሪማውን፣ ቅቤውን ይገዙና "በደንብ እሰሪልኝ እህቴ፣ በአውሮፕላን ነው" ይሉኛል።

ባለፈው ሳምንት አንዷ መጣች። ሐምሌ መግቢያ ላይ ኩዌት ትሄዳለች። የመጀመሪያ የልጅ ልጇ ነው። ደስታዋ ፊቷ ላይ ይታያል። ዕቃዋን እያሰርኩላት "ለሕፃኑ ወፍራም ብርድ ልብስ ገዛሁለት፤ ለእሷም ጋቢ አሠራሁላት፣ ብርድ እንዳይመታት" አለችኝ። እጄ ቀጥ አለ። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳት። ሱቁ ውስጥ ሰው እየገባ እየወጣ አንድ ሰዓት ያህል አወራኋት። ለእሷ የነገርኳትን ነው አሁን የምጽፍላችሁ። ሱቄ የማይመጡ ብዙ እናቶች አሉና።

አምና በዚህ ወቅት እኔም እንደ እሷ ነበርኩ። ልጄ ጅቡቲ ነው የምትኖረው። ባሏ ወደብ ላይ ይሠራል። ስልክ ደውላ "እማ፣ የምወልደው ሰመር መግቢያ ላይ ነው" አለችኝ። እኛ አገር ሰመር ሲባል ምን እንደሚመጣብን ታውቃላችሁ። ሰመር ማለት ክረምት ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋበት፣ ጭቃው፣ ጃንጥላው፣ ገመድ ላይ ሦስት ቀን ውሎ የማይደርቀው ካልሲ። አስተማሪዎች የሰመር ኮርስ የሚሉት ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ እየደበደባቸው የሚማሩትን ነው። እኔም ጆሮዬ የሰማው ክረምትን ነው። እዚያ ሰመር መግቢያ ማለት ዓመቱ በሙሉ ካለው ሙቀት የከፋው የሚጀምርበት ጊዜ መሆኑ በሐሳቤም አልመጣ። አንድ ቃል ነው። ግን ሻንጣዬን ያሰርኩት በዚያ ቃል ነው።

የያዝኩትን ልንገራችሁ። ሁለት ጋቢ። አንድ ብርድ ልብስ። ለሕፃኑ በእጄ የሠራሁት የሱፍ ኮፍያና ካልሲ። አምስት ኪሎ የገንፎ ዱቄት፣ አጥሚት፣ በሶ። ሦስት ኪሎ ለጋ ቅቤ በፕላስቲክ ዕቃ፣ በላዩ በፌስታል ታስሮ። ለራሴ ሹራብ። የግፊት መድኃኒቴን ለሁለት ወር። ትኬት የቆረጥኩበት ቢሮ ስለ ሻንጣ ኪሎ ሦስት ጊዜ ነገረኝ። ስለ ሙቀት አንድ ቃል አልወጣውም። መድኃኒቱን ያዘዘልኝ ክሊኒክም ወዴት እንደምሄድ አልጠየቀኝም። እኔም አልተናገርኩም።

የሚያሳዝነኝ ይህን ማወቅ የነበረብኝ ሰው መሆኔ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ያደግኩት ለገሃር ጀርባ፣ የባቡሩን ጥሩምባ እየሰማሁ ነው። የሰፈራችን ስም ራሱ ባቡር ጣቢያ ከሚለው ፈረንሳይኛ፣ ከላ ጋር የመጣ ነው። መስመሩ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ ርዝመቱ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነበር። አባቴ ከጅቡቲ ሲመለስ ቴምርና ሽርጥ ያመጣልን ነበር። በሰኔና በሐምሌ ተራ ከደረሰው ግን ፊቱ ይጠቁራል። እናቴ ውሃ መያዣውን ትፈትሻለች። ጨው በወረቀት ትጠቀልልለታለች። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ደግሞ ባቡሩ ያኔ ቀስ ብሎ ነበር የሚወርደው። ሞጆ፣ አዳማ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ እያለ ድሬዳዋ ይደርሳል። በየጣቢያው ሰው አንድ ልብስ ያወልቃል። ድሬዳዋ ያድራል፣ ላብ ይለማመዳል፣ ከዚያ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ሰውነት ቀድሞ ወሬው ይደርሰዋል። እኔ ግን ከቦሌ፣ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነስቼ አንድ ሰዓት ገደማ በረርኩና ባሕር ዳር አምቡሊ አረፍኩ። ጠዋት ከቤት ስወጣ ካፊያ ነበር። ሹራቤን እንደለበስኩ ነው የወረድኩት። በኋላ ያከመኝ ሐኪም እንደነገረኝ ሰውነት ሙቀት ለመልመድ አንድም ሁለትም ሳምንት ይፈልጋል። ላቡን የሚያወጣበት መንገድ፣ ደሙ የሚዞርበት ሁኔታ ሁሉ ቀስ በቀስ ነው የሚስተካከለው። እኔ ያንን ጊዜ ለራሴ አልሰጠሁትም።

የልጄ ባል ሊቀበለኝ መጥቶ ነበር። ሳይስመኝ በፊት የውሃ ጠርሙስ ዘረጋልኝ። "እማዬ፣ መጀመሪያ ይህን ይጠጡ" አለኝ። ጊዜው የሐዋርያት ጾም ነው፣ ገና ከረፋዱ 4 ሰዓት። "ጾም ነኝ ልጄ" ብዬ መለስኩለት። ዝም አለ። አማቹን እንዴት ይጫን? መኪናው ጋ እስክንደርስ የአንገቴ መስቀል ቆዳዬን አቃጠለኝና አውጥቼ ከቀሚሴ ላይ አደረግኩት። የመኪናውን በር የከፈትኩት እጄን በነጠላ ጠቅልዬ ነው።

ቤት ደርሰን ሻንጣውን ስከፍት ቅቤው የለም። ፖርቶባጋጁ ውስጥ ጥርት ያለ ዘይት ሆኖ፣ ከዕቃው አምልጦ፣ ሁለቱንም ጋቢዎች ጠጥቷቸዋል። ብርድ ልብሱም እስከ ግማሹ ረስርሷል። ልጄ ሆዷን ይዛ ቆማ ታየኛለች። "እማ፣ ጋቢ እዚህ ምን ያደርጋል?" አለችኝ። ደክሟታል ብዬ ንግግሯን ችላ አልኩት።

በሦስተኛው ቀን ወንድ ልጅ ወለደች። ሆስፒታሉ በር ላይ ብቻዬን ሰባት ጊዜ እልል አልኩ። በማግስቱ ቤት ገባን።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ግን ካልጻፍኩት ደብዳቤው ምንም አይጠቅምም።

እኛ አራስ እንዴት እንደምትያዝ እናውቃለን። ንፋስ አይነካትም። ምች ይመታታል ተብሎ በርና መስኮት ይዘጋል። ትኩስ ገንፎ በቅቤና በበርበሬ፣ ትኩስ አጥሚት፣ ላብ እስኪያጠምቃት። አዲስ አበባ፣ በሰኔ ብርድ፣ ይህ ሁሉ ደግ ነው። እናቴ እኔን እንዲህ ነው ያረሰችኝ። እኔም ልጄን ያንኑ አደረግኳት። መኝታ ቤቱ ውስጥ ኤሲ አለ፤ እነሱ ክሊም ይሉታል። "ለአራስ ብርድ ነው" ብዬ አጠፋሁት። መስኮቱን ዘጋሁ። ሕፃኑን በሁለት ጨርቅ ጠቅልዬ፣ በላዩ ፎጣ ደርቤ፣ የሱፍ ኮፍያዬን አጠለቅኩለት። ልጄ "እማ ሞቀኝ" ስትል "አራስ ይሞቃታል፣ ቻይው" አልኳት። እሷም እናቴ ታውቃለች ብላ ቻለችው። ባሏ የሥራ ፈረቃው ሌሊት ስለነበር ቀን ቀን እኔ የወሰንኩት ነው የሚሆነው።

ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ከሰዓት በኋላ ልጁ ጡት አልያዝ አለ። እንቅልፍ ያዘው ብለን ተውነው። አንገቱ ሥርና ብብቱ ላይ ቀያይ ሽፍታ ወጥቶበታል። ዳይፐሩን ስፈታ ጠዋት እንዳሰርኩት ደረቅ ነው። ይህን አየሁ፣ ግን ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም።

እግዚአብሔር የላካት ያን ሰዓት የፎቁ ሥር ጎረቤት መጣች። ሶማሌ ናት፣ በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች፣ ድሬዳዋ ብዙ ስለኖረች አማርኛ ትሰማለች። እንኳን ማርያም ማረችሽ ልትል ነው የመጣችው። በሩን ስከፍትላት ከቤቱ የወጣው ትኩሳት አስቆማት። ገብታ ልጁን አየች። ምንም አልተናገረችም። ኮፍያውን አወለቀችው። ጣቷን በቀስታ ርግብግቢቱ ላይ አሳረፈች። እኔም አጎንብሼ አየሁ። ወትሮ ከአናቱ ጋር እኩል ሆኖ ቀስ ብሎ የሚመታው ቦታ ጎድጎድ ብሏል። እንደ ትንሽ ማንኪያ ጀርባዋ ተገልብጦ። ሴትየዋ ቀና ብላ "ውሃው አለቀ" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በሩጫ ነው። ፎጣውንም ጨርቁንም ገፈፈችው። ኤሲውን ከፈተች። ስስ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክራ ገላውን ዳበሰችው። ልጄን ውሃ አጠጣችና ጡቷን በጠብታ በከንፈሩ ላይ እያለበች አስቀመሰችው። ትንሽ ቆይቶ ጎተተ። ታክሲ ጠርተን ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሟ ረጋ ያለች ወጣት ናት፤ የልጄ ባል ከፈረንሳይኛ እየተረጎመልኝ ነገረችን። በጊዜ ደርሳችኋል አለችን። ለሕፃን ውሃ አይሰጥም፣ እስከ ስድስት ወር የእናቱ ጡት ይበቃዋል፣ በሙቀት ግን ቶሎ ቶሎ ይጥባ። እናቱ ደግሞ ደጋግማ ትጠጣ። አንድ ስስ የጥጥ ልብስ ይበቃዋል፤ ቤት ውስጥ ኮፍያ አያስፈልገውም፣ ሕፃን ሙቀቱን የሚያስወጣው በጭንቅላቱም ጭምር ነውና። ኤሲው ፊት ለፊት አይንፋበት እንጂ ክፍሉን ያቀዝቅዘው። ዳይፐሩ በቀን ቢያንስ ስድስት ጊዜ ካልረጠበ፣ አፉ ከደረቀ፣ ርግብግቢቱ ከጎደጎደ፣ ከእንቅልፉ አልነቃ ካለ ሰዓት አትፍጁ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። አልጋው ሥር ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብዬ በየሰዓቱ አናቱን በጣቴ ስዳስስ አደርኩ። ሊነጋጋ ሲል ሞልቶ አገኘሁት።

የሚገርመው ከዚህም በኋላ ለራሴ አልነቃሁም። ሙቀቱ የሕፃኑ ጉዳይ ነው ብዬ ነበር። የሐዋርያት ጾምን ከልጅነቴ ጀምሬ እስከ 9 ሰዓት ነው የምጾመው። ውሃም አልቀምስም። እዚያም ያንኑ አደረግኩ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን፣ 5 ሰዓት ላይ፣ ሪያድ ወደሚሉት ገበያ አትክልት ልገዛ ወጣሁ። ቲማቲሙም ድንቹም አብዛኛው ከእኛው አገር የሚሄድ ነው። ያን ቀን ከምሲን ይነፍስ ነበር። ከምዕራብ፣ ከበረሃው በኩል የሚመጣ ደረቅ የአቧራ ንፋስ ነው። ሰኔ ላይ ይጀምርና እስከ መስከረም ድረስ ይመላለሳል። ማራገቢያ ፊቱን አዙሮ ትኩስ አመድ የሚነፋብህ ያህል ነው። እኔን ያታለለኝ ግን አለማላቤ ነው። ቆዳዬ ደረቅ ነበር። ካላላበኝ ደህና ነኝ አልኩ።

ስመለስ ደረጃው ላይ እግሬ ከዳኝ። መጀመሪያ ራሴን ወጋኝ። ከዚያ ቅልጥሜ ተኮማተረ። ዓይኔ ጨለመ። የማስታውሰው ቲማቲሙ ደረጃ ደረጃውን እየተንከባለለ ሲወርድ ነው። ያችው ጎረቤት ናት አንስታ ቤቷ ያስገባችኝ። ነጠላዬን ከላዬ ገፍፋ፣ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ አንገቴንና ብብቴን ሸፈነችኝ። ካርቶን ቀድዳ ታራግብልኝ ነበር።

ሐኪም ቤት ትኩሳቴ 39 ነበር። በደም ሥሬ ፈሳሽ ሰጡኝ። ሐኪሙ መድኃኒቶቼን አምጪ አለ። ሁለት ዓይነት ክኒን ነው የምወስደው። አንዱን አንስቶ አሳየኝ። "ይህ ሽንት የሚያበዛ ነው። ግፊትሽን የሚቀንሰው ውሃና ጨው ከሰውነትሽ እያስወጣ ነው" አለኝ። ስምንት ዓመት ስውጠው ማንም እንዲህ አድርጎ አላስረዳኝም። ስለ ላቡም ነገረኝ። ላብ አጥቼ አይደለም። ንፋሱ ደረቅ ስለሆነ ላቡ ከቆዳዬ ሳይታይ ይተናል፤ ሊትር ሙሉ ውሃ አጥቼ አላየሁትም። ባሕሩ ዳር አየሩ እርጥብ ሲሆን ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም፣ ስለዚህ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ሁለቱም ይጎዳሉ። ትኩሳቴ 40 አልፎ መዘባረቅ ጀምሬ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ይሆን ነበር። ክኒኑን በራሴ እንዳላቆም ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ። መጠኑን እሱ አስተካከለልኝ።

ማታ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። አፍሬ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። "ልጄ፣ መንገደኛም ሕመምተኛም ነሽ። ውሃሽን ጠጪ። አራሷም ትብላ" አሉኝ። ይህን ከመሄዴ በፊት ብጠይቃቸው ያኔም ያሉኝ ነበር። አልጠየቅኳቸውም። እናቶች፣ ይህን በተለይ ለእናንተ ነው የምጽፈው። ጾም ይዛችሁ የምትሄዱ ካላችሁ ከመንገዳችሁ በፊት ካህናችሁን አናግሩ። ረመዳን ወይ ሌላ ጾም ያለባችሁም እንዲሁ ከሃይማኖት አባቶቻችሁ ጋር ተመካከሩ።

ከዚያ በኋላ ለጎረቤቴ ተማሪ ሆንኩ። ቀኗ ሌላ ቀን ነው። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ትነሳለች። ልብስ ታጥባለች፣ ታበስላለች፣ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች። 3 ሰዓት ሳይሆን መስኮቷን ትዘጋለች፣ መጋረጃ ትጥላለች። እኔ መስኮት የዘጋሁት ሙቀት ለማቆየት ነበር። እሷ የምትዘጋው ሙቀት እንዳይገባ ነው። ከ6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ከተማው ራሱ ይተኛል፤ ሱቁ ዝግ፣ መንገዱ ባዶ። ፀሐይ ስትጠልቅ መስኮቱ ሁሉ ይከፈታል። ሰው ያኔ ነው የሚወጣው። ባሕሩ ዳር ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ሴቶች ሻይ ይዘው ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። ሌሊቱም ቢሆን 30 ዲግሪ ገደማ ነውና ጣራ ላይ ፍራሽ አንጥፎ የሚያድር ብዙ ነው። ሹራቤን ሻንጣ ከተተችና ስስ ድሪያ አለበሰችኝ። ከያዝኩት ልብስ ሁሉ ያመሰገነችው ነጠላዬን ብቻ ነው። ስስ ነው፣ ነጭ ነው፣ ጥጥ ነው፣ ራስ ይሸፍናል፣ ሲነከር ያቀዘቅዛል። ነጠላ ያዙ። ጋቢውን ቤት ተዉት።

ውሃ ሳይጠማሽ ጠጪ ትለኝ ነበር። ሽንትሽን እዪ፤ እንደ ሻይ ከጠቆረ ዘግይተሻል። በቀን አንዴ ደግሞ የሎሚ ውሃ በጨውና በስኳር ትበጠብጥልኛለች። እናቴ ለአባቴ ጨው የምትጠቀልለው ለዚህ ነበር። እኔ አሁን ሱቄ ውስጥ ለሚሄዱ ሁሉ ኦአርኤስ፣ ብዙዎቻችን ለምለም የምንለውን፣ ያዙ እላለሁ። ከጠፋ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው እንዳታበዙ። ግፊት ያለባችሁ ደግሞ ሐኪም ሳትጠይቁ አዘውትራችሁ አትጠጡት።

ልጄ ገንፎዋን አልተወችም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ቀዝቀዝ ብሎ፣ ቅቤው ቀንሶ ትበላለች። አጥሚቱን ለብ አድርገን አቀጠንነው። ጡቷ ሞላ። ባህላችን ምንም አልሆነም። ሰዓቱን ነው የቀየርነው።

አሳል ሐይቅን ለማየት ጓጉቼ ነበር። ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ነው፣ አፍሪካ ውስጥ ከዚያ ዝቅ ያለ መሬት የለም። የልጄ ባል "እማዬ፣ በኅዳር ይምጡና ልውሰድዎት፣ አሁን ግን አይሆንም" አለኝ። አልተከራከርኩትም።

አንድ ነገር ግን ልቤን ነካው። ማታ ኤሲው ሲበራ የልጄ ባል "መብራቱ ከእኛ አገር የሚመጣ ነው እኮ" አለኝ። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ኢትዮጵያ ለጅቡቲ ኤሌክትሪክ ትልካለች። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ከሶማሌ ክልል፣ ከሽንሌ በኩል፣ የጉድጓድ ውሃ በ102 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ይሻገራል። የልጅ ልጄ የተረፈው በዚያ ውሃና በዚያ መብራት ነው። መብራትና ውሃ ከላክን አንድ ምክር መላክ አይከብደንም።

ስለዚህ ክቡር አዘጋጅ፣ የምለምናችሁ ይህን ነው።

በጋዜጣችሁ የአየር ሁኔታ የምታወጡበት ቦታ ላይ ከግንቦት እስከ መስከረም የጅቡቲን፣ የኩዌትን፣ የሪያድን፣ የጅዳን፣ የዱባይን፣ የዶሃን ሙቀት ጨምሩበት። ብዙ ቦታ አይፈጅም። አዲስ አበባ በሐምሌ ቀን 20 ዲግሪ ገደማ ነች። ጅቡቲ በዚያው ወር አማካይ የቀን ከፍተኛ ሙቀቷ ከ40 ይበልጣል። ኩዌት ውስጥ ሚትሪባ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 የተለካው 53.9 ዲግሪ ነው፤ የዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት ያረጋገጠው ቁጥር ነው። እነዚህ ቁጥሮች ጎን ለጎን ታትመው አንዲት እናት ብታያቸው ብርድ ልብሱን ራሷ ታወጣዋለች።

አገሮቹ ራሳቸው ለዚህ ሕግ አላቸው። ሳዑዲ ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ሠራተኛን ፀሐይ ላይ ማሠራት ትከለክላለች። ኤምሬቶችም በተመሳሳይ ወራት ከ6:30 እስከ 9 ሰዓት። ኩዌት ደግሞ ከግንቦት 24 እስከ ነሐሴ 25 ከረፋዱ 5 እስከ 10 ሰዓት። ጉልበታም ወጣት እንኳ እንዳይወጣ ሕግ የወጣለት ሰዓት ነው። የእኛ እናቶች ደግሞ 60 ዓመት አልፏቸው፣ ግፊትና ስኳር ይዘው፣ በዚያ ሰዓት ገበያ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 በሐጅ ጉዞ ከ1,300 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አብዛኞቹ ጥላና ማቀዝቀዣ ሳያገኙ ረጅም መንገድ በፀሐይ የተጓዙ ነበሩ። ሰፈራችን ያሉ ሙስሊም ጎረቤቶቼ ያን ሰሞን ስልክ ላይ ተጣብቀው ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

ትኬት የምትቆርጡ ልጆቼም፣ ስለ ሻንጣው ኪሎ ስትነግሩን "እማማ፣ የሚሄዱበት አገር አሁን 45 ዲግሪ ነው" በሉን። ሐኪሞች ለሁለት ወር መድኃኒት ስታዝዙልን "ወዴት ነው የምትሄጂው?" ብላችሁ ጠይቁን። ካህናት መንገድ ስንወጣ ስትባርኩን ስለ ውሃው አንድ ቃል ጨምሩልን። እናቶች ደግሞ እዚያ ያለችው ልጃችሁ "ሞቀኝ" ስትላችሁ እመኗት። እኔ ልጄን አላመንኳትም። ልጄ እዚያ አራት ዓመት ኖራ ነበር፤ እኔ አራት ቀን።

የልጅ ልጄ በአርባ ቀኑ እዚያው ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ክርስትና ተነሳ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ነበር፣ ገና ሳይሞቅ። ጎረቤቴ ውጭ ቆማ ጠበቀችን። አሁን አንድ ዓመት ሞልቶት መራመድ ጀምሯል። በቪዲዮ ስንደዋወል አናቱን ወደ ስልኩ እንድታስጠጋልኝ ልጄን እጠይቃታለሁ። እሷም ለምን እንደሆነ ስለምታውቅ ታስጠጋልኛለች።

የኩዌቷ ደንበኛዬ ትናንት ተመልሳ መጣች። ብርድ ልብሱን ለገዛችበት ሱቅ መልሳ በሁለት ስስ አንሶላ ለውጣዋለች። የክኒኗንም ስም በወረቀት ጽፋ አመጣችልኝ፤ እኔ ሐኪም አይደለሁምና ነገ ጠዋት አብሬያት ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። ቅቤውን አንጥሬ በጠርሙስ አድርጌላታለሁ። ከአጥሚቱ ጎን አሥር ፓኬት ለምለም ከትቼላታለሁ።

አንዲት አያት
ከለገሃር፣ አዲስ አበባ